በሰናይት ቁጥር የተከፈተ አካውንት

ሰኞ፣ ጥር 18

የይለፍ ቃሉን ቀይራዋለች። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቴም «ትክክል አይደለም» አለኝ። አራተኛው ላይ ቆለፈብኝ። የገዛ ታብሌቴ፣ ወንድሜ ከዱባይ የላከልኝ።

ጥለት የምስልበት አፕ የሚከፈተው በአካውንት ነው። አካውንቱን የከፈትነው ከአራት ዓመት በፊት፣ እኔና ሰናይት አብረን የሀበሻ ልብስ ሱቅ ስንጀምር ነው። ያን ቀን የእኔ ስልክ ውሃ ገብቶበት ስለነበር የማረጋገጫ መልእክት የሚላክበት ቁጥር የእሷ ሆነ። «ምን ለውጥ አለው፣ ያው እኛው ነን» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፣ በዚህ አፌ።

«ያው እኛው» አሁን ኡራኤል ጋ የራሷን ሱቅ ከፍታለች። የካዛንቺሱ ሱቃችን ሲፈርስ አብረን ቦታ እንፈልጋለን ተባብለን ነበር። ሁለት ወር ሙሉ እኔ በእግሬ ስዞር እሷ ለካ ተከራይታ ጨርሳለች። የነገረችኝ ታኅሣሥ ላይ፣ ታፔላው ከተሰቀለ በኋላ ነው። «ልነግርሽ ነበር» አለችኝ። እኔ ካልፈረሰው በኩል አንዲት ክፍል ይዣለሁ፤ ታፔላ የለኝም፣ በሩ ላይ ስሜን በወረቀት ለጥፌያለሁ።

እንግዲህ ጭንቀቴ ይህ ነው። ቅዳሜ እትዬ አልማዝ ከነልጃቸው ይመጣሉ። ልጅቷ ጾም ሳይገባ ታገባለች። ጥለቱን ወደውታል፣ ናሙናውም ተሸምኗል። ግን አረንጓዴው ቀርቶ ሰማያዊና ወርቃማ ሲሆን ሙሉ ቀሚሱ ላይ ምን እንደሚመስል በሥዕል ማየት ይፈልጋሉ። ሥዕሉ ያለው አፑ ውስጥ ነው። ባለፈው ሲወጡ በር ላይ ቆም ብለው «ኡራኤል ጋ አንዲት ጎበዝ አለች ይላሉ» ብለውኛል። የዘንድሮ ሠርግ እያለቀ ነው፤ ይህ ሥራ ካመለጠኝ ክፍሏንም እለቃለሁ። ካመለጠኝ ደግሞ የሚሄደው ወደ እሷ ነው።

ምን ላድርጋት?
— ደውዬ መስደብ። (አይሆንም፣ ደስ ይላታል።)
— እናቷ ጋ ሄጄ መክሰስ። (እናቷ ትወደኛለች። ታለቅስብኛለች።)
— ታፔላዋ ላይ «ሌባ» ብሎ መጻፍ። (የእጅ ጽሑፌን ታውቀዋለች።)
— የሠራችውን ሁሉ ማጥፋት። (እንዴት?)

አራተኛውን ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ሜክሲኮ፣ ብሩክ ጋ ሄድኩ። ብሩክ ስልክ ይጠግናል፣ አፕ ይጭናል፣ አካውንት ይከፍታል። የደንበኞቹ ግማሽ ስልክ የተከፈተው በእሱ ኢሜይል ነው። ሲቆለፍባቸው ተመልሰው ይመጣሉ፣ እሱም የቱ የማን እንደሆነ አያስታውስም። እንዲህ ነው የምንኖረው።

አፑን ድሮ ስለገዛሁት አዲሱ ስልኬ ላይ እንዲጭንልኝ ነገርኩት።

«አየሽ እህቴ» አለኝ፣ «ማለቴ፣ የገዛሽው ለታብሌቱ አይደለም፣ ለአካውንቱ ነው። በዛው አካውንት ሌላ ታብሌት ብትከፍቺ በነፃ ይሰጥሻል። ይሄ ስልክ ግን የሌላ ስቶር ነው። ያኛው የሸጠልሽን ይሄኛው አያውቅም፣ በቃ።»

«አንድ አፕ አይደለም እንዴ? ስሙም ምልክቱም አንድ ነው።»

«የአንዱ ቀበሌ መታወቂያ ሌላው ቀበሌ ይሠራል?»

አይሠራም። ገባኝ፣ ግን ስለገባኝ አልበረድኩም። «ግዢን መልስ» የሚል ቁልፍ አገኘሁና ሰባት ጊዜ ተጫንኩት። የሚመለስ ግዢ የለም አለኝ፣ ሰባቱንም ጊዜ። ብሩክ ሌላ ደንበኛ እያስተናገደ በጎን ያየኛል።

ክፉ ጎረቤት ዕቃ ያስገዛል ይባላል። እኔን ያለኝን ዕቃ ደግማ አስገዛችኝ። ብሩክ በስጦታ ካርድ ገዛልኝ። አካውንቱን በእሱ ኢሜይል ቢከፍተው እንደሚፈጥን ሲነግረኝ ተቆጣሁት። በሰው ቁጥር የተከፈተ ነገር ነው እዚህ ያደረሰኝ። በስሜና በቁጥሬ ተከፈተ። ባዶ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ ስልኬ ቢጠፋ አካውንቱ የሚመለስበት የሌላ ሰው ቁጥር፣ የማምነው ሰው። ሳምንት ጊዜ አለው፣ እስከሚቀጥለው ማክሰኞ መሙላት አለብኝ።

ታክሲ ውስጥ ሆኜ አፑን ከፈትኩት። ነጭ ገጽ። እንኳን ደህና መጣሽ፣ የመጀመሪያ ሥዕልሽን ጀምሪ ይለኛል በእንግሊዝኛ። የድሮዎቹ ሥዕሎች አብረው አልመጡም፣ እነሱ ያሉት በድሮው አካውንት ውስጥ ነው። አራት ዓመት ጥለት ስስል ኖሬ ጀማሪ ሆንኩ። ሰናይትን በውስጤ እየረገምኩ ሁለት ፌርማታ አለፈኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 20

አገኘሁ። መሳቢያ ውስጥ የድሮ ስልኬን አገኘሁ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀውን። የታብሌቱ ዓይነት ነው፣ ስቶሩም ያው ነው። ቻርጅ አድርጌ አበራሁት። የይለፍ ቃል አልጠየቀኝም። እኔና ሰናይት መጣላታችንን ለእሱ ማንም አልነገረውም።

አፑ ተከፈተ። ሁለት ማኅደር አለ፦ «የሰናይት ታብሌት» እና «የትዕግስት ታብሌት»። የእሷን ከፈትኩ። ኡራኤል ከገባች ወዲህ የሠራቻቸው ሁሉ አሉ። አንዱ ላይ ዓይኔ ቀረ። ለእህቴ ሠርግ የሳልኩትን የመስቀል ጥለት ወስዳ ቀይ አድርጋዋለች። ለሌላ ሙሽራ።

«የሰናይት ታብሌት» የሚለውን ይዤ አጥፋ አልኩ። እርግጠኛ ነሽ አለኝ፣ አዎ አልኩ። ሁሉም ይጠፋል አለኝ፣ ይጥፋ። ከዚያ መጣያው ውስጥ ገብቼ መጣያውንም ባዶ አደረግኩ፣ ከዚያ እንዳታነሳው። ለዘላለም ነው አለኝ። አዎ፣ ለዘላለም።

ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ፣ ከታኅሣሥ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ምሳዬን በሁለት እንጀራ በላሁ። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ መደወል ጀመረች። አላነሳሁም። ጥፍሬን እየቀባሁ ሲጠራ ሰማሁት። አሥራ አንድ ጊዜ ደወለች፤ ሁለተኛውን እጄን ስጨርስ ተወችው።

አሥር ሰዓት ላይ የእትዬ አልማዝን ሥዕል ወደ አዲሱ ስልኬ ልልክ የራሴን ማኅደር ከፈትኩ። የሥዕሎቹ ስም በሙሉ አለ። ሥዕሎቹ የሉም። አንዱን ብነካ ግራጫ፣ ሌላውን ብነካ ግራጫ።

ብሩክ ጋ ደወልኩ።

«አካውንቱ መጀመሪያ የተከፈተው በማን ታብሌት ነው?» አለኝ።

«በእሷ።»

«እንግዲያው ዋናው ሥዕል ሁሉ የሚቀመጠው እዛ ነው። አንቺ ጋ ያለው ወደዛ የሚመራ ምልክት ነው። ችግር የለም፣ ከመጣያው መልሺው።»

«መጣያውን ባዶ አድርጌዋለሁ።»

«እህቴ፣ መጣያውን ባዶ አድርጊ ማን አለሽ?» አለኝ።

እናቴ ጉድጓድ ስትቆፍሪ አታርቂው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቂም ትለኝ ነበር። ይኸው አርቄ ቆፍሬ ገባሁበት። የአራት ዓመት ሥራ፣ የሷም የእኔም። የተቀባ ጥፍሬን አይቼ አለቀስኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 21፣ አስተርዮ ማርያም

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ጋሽ ማሞ ትዝ አሉኝ። ሸማኔያችን ናቸው፣ ላንቻ ነው ቤታቸው። ማንኛውንም አዲስ ጥለት ቀሚስ ላይ ከማውጣታቸው በፊት አንድ ስንዝር ናሙና ይሸምናሉ። ደንበኛ አይቶት ሲጨርስ መልሰው ይወስዱትና ጆንያ ውስጥ ያስቀምጡታል። ለማንም አይሰጡም። ከናሙናው ላይ ክሩ በየረድፉ ከተቆጠረ ሥዕሉ እንደገና ሊሳል ይችላል።

ቆጠራው ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዷ በመርፌ ጫፍ ክሩን እየለየች ታነባለች፣ ሌላዋ ትጽፋለች። ብቻ ከሆንሽ ዓይን ረድፍ ይዘላል። አራት ዓመት እንዲህ ስንሠራ ኖረናል፣ ሰናይት ታነባለች እኔ እጽፋለሁ። ጎረቤቴን ለምኜ ይዤ ልሄድ አሰብኩና ለበዓል ወጥታ አጣኋት።

ብቻዬን ሄድኩ። በሩን ገፋ ሳደርግ ሰናይት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፣ ነጠላዋን እንዳጣፋች፣ ጭኗ ላይ ደብተር ይዛ። እሷም ብቻዋን ናት።

«አጠፋሽው» አለችኝ።

«ቀየርሽው» አልኳት።

«አዲስ ታብሌት ስገዛ ባለሱቁ ነው የቀየረው። ልነግርሽ ነበር።»

ልነግርሽ ነበር። ሐውልቷ ላይ ይህን ነው የማስጽፍላት።

ጋሽ ማሞ በመሀላችን ቆመው ጆንያውን ፈቱ። «ዛሬ ማርያም ናት፣ ሥራዬ ላይ አልቀመጥም» አሉ። «መቁጠር ግን ሥራ አይደለም። ናሙናው ከዚህ ቤት አይወጣም። እስከ ስድስት ሰዓት አለሁ፣ ከዚያ ማኅበር አለብኝ። አንዳችሁ አንብቡ፣ አንዳችሁ ጻፉ።»

«ከእሷ ጋር?» አልኩ።

«እኔ አልገባበትም። ሌላ ሰው ካላችሁ ጥሩ» አሉና ወደ ግድግዳው ዞረው ተቀመጡ።

መጀመሪያ እሷ የእኔን አነበበች። «አረንጓዴ አምስት፣ ነጭ ሦስት፣ አረንጓዴ አምስት…» ድምጿ እንደ ድሮው ፈጣን ነው፣ እጄም ሳላስበው ተከተላት። ዘጠነኛው ረድፍ ላይ ቆም አለች። ጋሽ ማሞን ውሃ ጠየቀች፣ ጠጣች፣ ቀጠለች። አሥራ ስምንቱን ረድፍ ጨረስን።

ከዚያ እኔ የእሷን ማንበብ ጀመርኩ። ያንኑ ቀይ የመስቀል ጥለት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቀይ አምስት ነበር። መርፌዬ አምስተኛው ክር ላይ ቆማ እያየኋት «ቀይ ሰባት» አልኩ።

ጻፈችው። እርግጠኛ ነሽ አላለችኝም። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

ሁለት ክር ምንም አይደለም፣ ወረቀት ላይ አይታይም። ቀሚስ ላይ ግን እያንዳንዱ መስቀል ትንሽ ትንሽ እየሸሸ ይሄድና ደረት ላይ ግራና ቀኙ አይገጥምም። የሚታወቀው ተሸምኖ ካለቀ በኋላ ነው፣ ለሠርጉ ቀናት ሲቀሩ። ሰናይት ባዶ እጇን በሙሽራ እናት ፊት ቆማ «ልነግራችሁ ነበር» ስትል በዓይኔ እያየሁ ከላንቻ እስከ ካዛንቺስ በእግሬ መጣሁ። አልደከመኝም።

ዓርብ፣ ጥር 22

ጠዋቱን ሙሉ በአዲሱ ስልክ ላይ ስስል አረፈድኩ። ገጹ ጠባብ ነው፣ ጣቴ ሁለት ነጥብ አብሮ ይነካል። ግን ሰማያዊው ወጣ። ወርቃማው ሲገባበት ከአረንጓዴው ያምራል፣ ሳልዋሽ እትዬ አልማዝ ዓይን አላቸው።

ከሰዓት ኡራኤል ሄድኩ፣ በዓሉ ነው። ታቦቱ ስለወጣ መንገዱ ዝግ ነበር፣ ታክሲው ሩቅ ጥሎኝ ሕዝቡ መሀል ገባሁ። የእኔ ቀሚስ እንዲቃናልኝ ለመንኩ። ስለሌላው ቀሚስ ምን ብዬ እንደምለምን ጠፋኝ። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ፣ እኔ ደግሞ ጉንፋንም ይዞኝ ስለነበር ሁለቱም ነበሩብኝ።

ስመለስ በሱቋ በኩል አለፍኩ። መንገዴ ነው። (መንገዴ አይደለም።) ለበዓሉ ዘግታለች። መስኮቱ ላይ አንድ ቀሚስ ሰቅላለች፣ የወገቡ አቆራረጥ ልክ ነው፣ የእጅጌው ስፌት ከውጭ አይታይም። ጥሩ ሠርታዋለች። ይህን የምጽፈው ማንም ስለማያነበው ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ተሳካ። እትዬ አልማዝ መጡ፣ ሥዕሉን አዩ። «ስልኩ ትንሽ ነው ልጄ፣ ዓይኔ አይደርስበትም» አሉኝ። አጉልቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ አደረጉ፣ ልጃቸውን አዩ። «በዚሁ ይሁን» አሉ። ስለ ኡራኤሏ ጎበዝ አላነሱም። ክፍሏን አለቅም።

አንድ ነገር ግን ደስታዬን አበላሸብኝ። ልጅቷ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ፣ ሥዕሉን ወደ ውጭ አድርጋ ደረቷ ላይ ያዘችውና መስታወት ፊት ቆመች። ራሷን ታያለች። ኡራኤልም አንዲት ሙሽራ ታብሌት ደረቷ ላይ ይዛ እንዲሁ ትቆማለች። ቀዩን ጥለት። እኔ የተጣላሁት ከሰናይት ጋር ነው እንጂ ያቺን ልጅ አላውቃትም። ምን አደረገችኝ?

ቀለሙን ከነቁጥሩ በወረቀት ገልብጬ ጋሽ ማሞ ጋ ወሰድኩ። እሳቸው አልነበሩም፣ ለባለቤታቸው ሰጠሁ። የሰናይት ወረቀት መጥቶ ተቀምጧል። ሰኞ ሁለቱም ይጀመራሉ፣ አንዱን እሳቸው ሌላውን ወንድማቸው። ወረቀቷ እጄ ላይ ነበር። እስክሪብቶም ነበረኝ። ባለቤታቸው ሻይ ልታመጣልኝ ጓዳ ገብታ ነበር። ሰባቱን አየሁትና መልሼ አስቀመጥኩት።

እሑድ፣ ጥር 24

ጋሽ ማሞ ጋ አምስት ጊዜ ደወልኩ። ዝግ ነው፣ እሑድ ስልክ አይከፍቱም። ብደውል ምን እንደምላቸውም አላውቅም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። እኔ ተወግቻለሁ፣ አልረሳሁም። ከሐሙስ ወዲህ ግን የወጋሁትም እኔ ነኝ፣ እሱንም አልረሳሁም። ተረቱ ስለዚህ ምንም አይልም።

እሷ ብትሆን ትደውል ነበር? አትደውልም። «ልነግርሽ ነበር» ትል ነበር። ስለዚህ ይበላት። ምሳዬን አልበላሁም፣ ጉንፋኑ ነው።

ሰኞ፣ ጥር 25

ዛሬ ነነዌ ገባ። በባዶ ሆዴ ላንቻ ሄድኩ፣ በእግሬ፣ የምለውን እየተለማመድኩ።

ጋሽ ማሞ ሥራ ላይ ናቸው። ፊታቸው የተሰቀለው ናሙናው ነው፤ ወረቀቶቻችን ከጎናቸው ድንጋይ ተጭኖባቸው ተቀምጠዋል።

«ጋሽ ማሞ» አልኳቸው፣ «የሰናይት ወረቀት ላይ ሦስተኛው ረድፍ ሰባት የሚለው አምስት ነው። እኔ ነኝ ያሳሳትኳት። አውቄ ነው።»

መወርወሪያውን አላቆሙም። «አውቀዋለሁ። የሸመንኩትን እኔው አላውቀውም? ወረቀት የምቀበላችሁ ለቀለሙ ነው፤ ቁጥሩን ከናሙናው ነው የማየው።»

ሐሙስ ሰናይት የተቀመጠችበት በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ያንቺንም አስተካክዬዋለሁ» አሉኝ። «ዘጠነኛው ረድፍ። አራት ብለሽ ጽፈሻል፣ ስድስት ነው።»

ዘጠነኛው ረድፍ። ውሃ የጠየቀችበት።

«ይህንንም ከናሙናው ነው ያወቁት?»

«ይህን እንኳን ሰናይት ናት የነገረችኝ። በጠዋት መጥታ፣ አውቄ ነው አለችኝ፣ ልክ እንዳንቺ። አሁን ነው የወጣችው፣ መንገድ ላይ አልተገናኛችሁም?»

አልተገናኘንም። እሷ በታክሲ ሄዳለች፣ እኔ በእግሬ መጥቻለሁ።

መጀመሪያ የተናደድኩት በውሃው ነው። በማርያም ቀን፣ በሰው ቤት፣ ውሃ ጠጥታ፣ አፏን ጠርጋ አሳሳተችኝ። እትዬ አልማዝ ያዩት ሥዕል ዘጠነኛው ረድፉ የተሳሳተ ነው። እኔ በድዬያታለሁ ብዬ በአምላክ ፊት ሳፍር የሰነበትኩላት ሴት እኔን ቀድማ አሳስታኛለች። ከዚያ ያናደደኝ ሌላው ነው። ቦታ ስንፈልግ ቀደመችኝ። ስንካካድ ቀደመችኝ። ይቅር በሉኝ ለማለት እንኳ በጠዋት ተነስታ ቀደመችኝ። ይህን የመጨረሻውን አልምርላትም።

ጋሽ ማሞ «እናንተ ልጆች፣ ሦስት ቀን ጹሙና ከዚያ ተያዩ» አሉኝ። ስቄ ነበር መሰለኝ፣ እሳቸውም ሳቁ።

ከዚያ ሜክሲኮ ወረድኩ። ብሩክ አካውንቱን እንጨርሰው አለኝ፣ የሁለተኛ ሰው ቁጥር አልተሞላም። ስልኬን መልሶ ሰጠኝና «የምታምኚውን ሰው አስገቢ» አለኝ። ወንድሜ በየጊዜው ቁጥር ይቀይራል። እህቴ የእኔን ስልክ አታነሳም፣ እንኳን የሚላክላትን መልእክት ልታነብ። በቃሌ የማውቀው የሰው ቁጥር ደግሞ አንድ ብቻ ነው። አራት ዓመት በሱቃችን ደረሰኝ ሁሉ ላይ የጻፍኩት።

ጣቴ ስድስት አሃዝ ከጻፈ በኋላ አቆምኩት። ብሩክ ነገ የመጨረሻው ቀን እንደሆነ አስታወሰኝና ሌላ ደንበኛ ጠራ። ስልኩን እንደያዝኩ ወጣሁ። ስድስቱ አሁንም እዚያው ናቸው፣ አላጠፋኋቸውም። አራት ቀርተውኛል።